ጆኒ ማንዜል፦ ባከነ የምንለው የቱን ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። የወንድሜ ልጅ ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ነው የተመረቀው፤ የትምህርት ቤቱን ቀለበት ከጣቱ አያወልቅም። በተገናኘን ቁጥር በጆኒ ማንዜል እንጣላለን። እሱ በኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል እንደ ጆኒ ያለ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራ፣ ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች) አልታየም፣ ያበላሸው በኋላ የወሰደው የክሊቭላንድ ክለብ ነው ይላል። እኔ ደግሞ እግዜር የሰጠውን በመጠጥና በጭፈራ የበተነ ልጅ ነው እላለሁ። ፊርማ ሲሸጥ ተይዞ ከኮሌጅ ተባሯል፣ ዋንጫውንም ተነጥቋል። የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት አንደኛ ሆኖ ተመርጦ ሁለት ዓመት አልቆየም። የወንድሜ ልጅ ታናሽ ወንድም 15 ዓመቱ ነው፤ በሃይስኩሉ ኳርተርባክ ነው። ሌት ተቀን የጆኒን ቪዲዮ እያየ እንደሱ ካልሮጥኩ ይላል። ማንኛችን ነን ትክክል? ልጁንስ ልከልክለው?»

ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችሁ ነው የምትጣሉት። ከእርስዎ ልጀምር። የእርስዎ ስህተት የመረጃ ስለሆነ ቶሎ ይታረማል።

ማንዜል ከኮሌጅ አልተባረረም። በ2013 ነሐሴ ላይ ፊርማውን ለነጋዴዎች ሸጧል ተብሎ ተመረመረ። ገንዘብ መቀበሉን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም ተባለ። ቅጣቱ ከራይስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተደረገውን የመክፈቻ ጨዋታ የመጀመሪያ ግማሽ ተቀምጦ ማየት ሆነ። ከዕረፍት በኋላ ገባ፤ ሦስት ተችዳውን (ኳሱን በተቃራኒ ቡድን መጨረሻ መስመር ማግባት) ወረወረ። በአየር ላይ ፊርማ የሚፈርም እየመሰለ ተቃራኒዎቹን አበሸቀ። መጨረሻ ላይ በጠባዩ ቡድኑን አስቀጣና አሰልጣኙ አስወጣው። ከዓመታት በኋላ ገንዘቡን መውሰዱን ራሱ አምኗል። ደንብ ጥሷል፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ከ2021 ሐምሌ ወዲህ ያው ስራ ተፈቅዷል። ዛሬ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በፊርማው ይነግዳል፣ ማስታወቂያም ይሰራል። ስለዚህ የፊርማው ጉዳይ ከክርክራችሁ ቢወጣ ደስ ይለኛል። ከዋናው ነገር ጋር አይገናኝም።

ዋንጫውንም አልተነጠቀም። ሃይዝማኑ፣ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው ዋንጫ፣ የሱ ነው። ምናልባት ያምታታዎት የሌላው የኮሌጅ ኮከብ፣ የሬጂ ቡሽ ታሪክ ይሆናል። ቡሽ የ2005 ሃይዝማኑን በ2010 አጥቶ በ2024 ሚያዝያ ተመለሰለት። እንዲያውም ማንዜል ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የቡሽ ዋንጫ እስኪመለስ በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ አልገኝም ብሎ ነበር።

በድራፍትም አንደኛ አልነበረም። በ2014 ክሊቭላንድ ብራውንስ የመረጠው በ22ኛነት ነው። ይህችን ቁጥር ልብ ይበሉልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። ከእሱ በፊት 21 ተጫዋቾች ተጠርተዋል። ክሊቭላንድ ራሱ በዚያው ምሽት በ8ኛው ምርጫ ሌላ ሰው ወስዷል።

አሁን ወደ ወንድምዎ ልጅ። ስለ ኮሌጁ የሚለው ማጋነን አይደለም።

ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2012 ወደ ኤስ ኢ ሲ ሲገባ ብዙ ሰው ይሸነፋል ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ኤስ ኢ ሲ አላባማ፣ ኤል ኤስ ዩ እና ፍሎሪዳ ያሉበት፣ ሰው በሰው ላይ የሚከመርበት ሊግ ነው። ኳርተርባክ ሆኖ የቀረበው ደግሞ አንድም የኮሌጅ ጨዋታ ያልተጫወተ የ19 ዓመት ልጅ ነው። በፊተኛው ዓመት ሬድሸርት ነበር፤ ይለማመዳል እንጂ አይጫወትም። በዚያው ሰኔ ደግሞ ከሌሊት ጠብና ከሐሰተኛ መታወቂያ ጋር በተያያዘ ታስሮ ፎቶው በየቦታው ዞሯል። የመጀመሪያ ጨዋታውን በፍሎሪዳ 20 ለ17 ተሸነፈ።

ከዚያ ነገሩ ተለወጠ። በአርካንሳስ ላይ በሩጫና በውርወራ 557 ያርድ አመጣ። በዚህም ከ1969 ጀምሮ የቆመውን የአርቺ ማኒንግን የ540 ያርድ የሊጉ ሪከርድ ሰበረ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሉዊዚያና ቴክ ላይ 576 አድርጎ የራሱንም ሰበረ። (በሚቀጥለው ዓመት ክረምት የማኒንግ ቤተሰብ ወጣት ኳርተርባኮችን ወደሚያሰለጥንበት ካምፕ ተጋብዞ ሄደ። ሰዓት አላከበረም ተብሎ ከመሃል ወደ ቤቱ ተላከ። ሪከርዱን ሰብሮ ካምፑን ተኝቶ ያመለጠው ብቸኛ ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።)

የዓመቱ ድምር 3,706 ያርድ በውርወራ፣ 1,410 ያርድ በእግሩ ነው። በውርወራ 26፣ በሩጫ 21 ተችዳውን። 5,116 ያርድ ጠቅላላ ሲሆን፣ ካም ኒውተን በ2010 ያስመዘገበውን የሊጉን ሪከርድ አለፈ። ኒውተን በዚያ ዓመት ሃይዝማን ወስዶ፣ ብሔራዊ ሻምፒዮና አግኝቶ፣ በድራፍት በእርግጥ አንደኛ የተመረጠ ግዙፍ ሰው ነበር። ማንዜል ቁመቱ ስድስት ጫማ እንኳን አልሞላም።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን ኅዳር 10 ቀን 2012ን ነው። ቦታው ተስካሉሳ፣ ተጋጣሚው አንደኛ ደረጃ ላይ የነበረው አላባማ። እነ ማንዜል በመጀመሪያው ሩብ 20 ለ0 መሩ። ያቺ ዝነኛ ጨዋታም የመጣችው ያኔ ነው። ማንዜል ወደፊት ሲሄድ ከራሱ ቡድን ሰው ጀርባ ጋር ተላተመ፣ ኳሱ ከእጁ ወጥቶ ወደ ላይ ዘለለ፣ መልሶ ቀለበው፣ ወደ ግራ ሸሽቶ ለተቀባዩ ራያን ስዎፕ ተችዳውን ወረወረ። በመጨረሻ 29 ለ24 አሸነፉ። አላባማ በዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን የተሸነፈው በዚህ ጨዋታ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ማንዜል ሃይዝማን ያሸነፈ የመጀመሪያው የአንደኛ ዓመት ተጫዋች ሆነ። ለትምህርት ቤቱ ከ1957 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ጥር ላይ በኮተን ቦውል ኦክላሆማን 41 ለ13 ሲያሸንፉ እሱ ብቻውን 516 ያርድ ነበረው።

ይህ አልባከነም። ተሰርቶ ያለቀ ስራ ነው። ኮሌጅ ፉትቦል ለኤንኤፍኤል መዘጋጃ ክፍል አይደለም። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም የሚሞላለት፣ የራሱ ዋንጫና የራሱ ታሪክ ያለው ጨዋታ ነው። የእሱ ዘመን ካይል ፊልድ የሚባለው ስታዲየማቸው ከ450 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ሊታደስ የተነሳበት ዘመን ነው። ስታዲየሙን ጆኒ ሰራው አልልም። ግን በ2012 እና በ2013 ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ፣ ኮሌጅ ስቴሽን ውስጥ ማንም ለማንም «ገንዘብ የለንም» አይልም ነበር።

ብዙ ሰው 2013ን እንደ ውድቀት ያየዋል፤ ይህም መታረም አለበት። ቡድኑ ከ11 ለ2 ወደ 9 ለ4 ወረደ፣ እውነት ነው። የወረደው መከላከሉ ስላልቻለ ነው። ማንዜል በውርወራ ከፊተኛው ዓመት የተሻለ ነበር፤ 4,114 ያርድ፣ 37 ተችዳውን። በአላባማ 49 ለ42 ሲሸነፉ 464 ያርድ ወርውሯል። የመጨረሻ ጨዋታው ላይ በዱክ 38 ለ17 እየተመሩ ወደ ዕረፍት ገቡ፤ 52 ለ48 አሸንፈው ወጡ። የ15 ዓመቱን ልጅ አስቀምጠው አንድ ጨዋታ ብቻ ያሳዩት ቢባል፣ ከአላባማው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

እስከዚህ የወንድምዎ ልጅ ይጨበጭባል። አሁን የእሱን ስህተት ላንሳ። የእሱ የቁጥር ስህተት አይደለም፤ ቁጥሩ ምን እንደሚያሳይ ነው የሳተው። የኮሌጁን 5,116 ያርድ አይቶ «ኤንኤፍኤል ላይም ይህንኑ ያደርግ ነበር፣ ካላበላሹት» ይላል። ማን ነው ያለው? ያ ቁጥር የተሰራበትን ቤት እንየው።

መጀመሪያ ከፊቱ የቆሙት ሰዎች። በ2012 በግራ የቆመው ሉክ ጆከል በሚቀጥለው ድራፍት 2ኛ ሆኖ ተመረጠ። በቀኝ የነበረው ጄክ ማቲውስ በ2014 6ኛ ተመረጠ፤ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በአትላንታ ቋሚ ሆኖ ተጫውቷል። ኳሱን የሚቀበለው ማይክ ኢቫንስ ደግሞ 7ኛ ተመረጠ። ኢቫንስ ከ2014 እስከ 2024 በተከታታይ 11 ዓመት፣ በየዓመቱ ከ1,000 ያርድ በላይ ተቀብሏል። ይህ ከዝነኛው ተቀባይ ከጄሪ ራይስ ጋር የሚያስተካክለው ነገር ነው። ማንዜል ሲጨንቀው ኳሱን ወደ ላይ ይሰቅልለት ነበር። አምስት ሜትር ሆኖ የተወለደ ይመስል ኢቫንስ ያወርደዋል። እንዲህ ዓይነት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያገኝ የኮሌጅ ኳርተርባክ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ሜዳው ራሱ ነው። ይህን ብዙ ተመልካች አያስተውለውም። ኳሱ የሚቀመጥባቸው ሁለቱ የመሃል መስመሮች በኮሌጅ በ40 ጫማ ይራራቃሉ። በኤንኤፍኤል 18 ጫማ ተኩል ብቻ ነው። ኮሌጅ ላይ ኳሱ ወደ አንድ ጠርዝ ሲቀመጥ በሌላው በኩል ሰፊ ባዶ ሜዳ ይቀራል። ለሚሮጥ ኳርተርባክ ግጦሽ ነው። ሌላም አለ። በኮሌጅ ኳስ ሊወረወር ሲል ከፊት ያሉት ሰዎች እስከ ሦስት ያርድ ወደፊት መሄድ ይችላሉ፤ በኤንኤፍኤል አንድ ያርድ ነው። ተከላካዩ እነሱ ሲመጡ ያይና ሩጫ ነው ብሎ ይገባል፣ ኳሱ ከጀርባው ይወረወራል። የማጥቃት አሰልጣኙ ክሊፍ ኪንግስበሪ ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቅበት ነበር። ለልጁ ቀላል ምርጫ ሰጠው፤ አንዱን ተቀባይ እይ፣ ካልሆነ ሩጥ።

ሦስተኛው የሚያሳድዱት ሰዎች ናቸው። በኮሌጅ ከ11ዱ ተከላካዮች ኤንኤፍኤል የሚገቡት ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው። ማንዜል ወደኋላ ሸሽቶ፣ ክብ ዞሮ፣ ሁለት ሰው አሳስቶ ይወጣ ነበር። በኤንኤፍኤል 11ዱም የሚመረጡት ያንን ክብ ዘግተው የሚጥሉት ሰዎች ስለሆኑ ነው።

አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ያቺ የአላባማ ጨዋታ ውብ ናት፤ እኔም መቶ ጊዜ አይቻታለሁ። ግን ኳሱን ከእጁ ያስወጣው የአላባማ ተከላካይ አልነበረም። ከራሱ ሰው ጋር ተጋጭቶ ነው። መልሶ መቅለቡ ችሎታ ነው፣ ወደ እጁ መዝለሉ ግን ዕድል ነው። ዕድልን በየሳምንቱ ፕሌይቡክ (የቡድኑ የጨዋታ ዕቅድ) ላይ መጻፍ አይቻልም።

ስለዚህ 22ኛ መመረጡ ክለቦቹ ስላልገባቸው አይደለም። ያዩት ይህንን ነው፤ እጁና እግሩ አለ፣ የተቀረው ገና ነው። የተቀረው የምንለው ንባብ ነው። ለኳርተርባኮች ቪዲዮ እየቆረጡ ማስተማር ስራዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ኤንኤፍኤል ላይ ኳርተርባክ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት አብዛኛውን ስራ ጨርሷል። ከኋላ የቆሙት ሴፍቲዎች አንድ ናቸው ሁለት? የዳር ተከላካዩ እግሩን ወዴት ነው ያዞረው? ከመካከላቸው የሚያስመስለው የቱ ነው? ኳሱ ሲነሳ ደግሞ ያየው ሁሉ ይለወጥበታል። ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ተቀባይ አይቶ መወሰን አለበት። ይህ ተሰጥኦ አይደለም። በሳምንት ብዙ ሰዓት ጨለማ ክፍል ተቀምጦ ቪዲዮ በማየት የሚገኝ ነገር ነው። ማንዜል በ2023 ምን ያህል ቪዲዮ ታይ ነበር ሲባል ዜሮ ነው ያለው። ክለቡ የሰጠው አይፓድም ያንኑ ያሳይ እንደነበር የያኔው ወኪሉ ተናግሯል።

ዜሮ። ኮሌጅ ላይ በእጁና በእግሩ ኖረ፣ ሰራለትም። ያልተሰራበት ልጅ እንጂ ያደገና የጠፋ ኳርተርባክ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

በታኅሣሥ 2014 የመጀመሪያውን ቋሚ ጨዋታ ከሲንሲናቲ ጋር አገኘ። 30 ለ0 ተሸነፉ። 80 ያርድ ወረወረ፣ ሁለት ኳስ ተነጠቀ። ሲንሲናቲዎች በጣታቸው ገንዘብ የሚቆጥሩ እየመሰሉ የራሱን የኮሌጅ ምልክት መልሰው አበሸቁበት። ጥር ላይ ማገገሚያ ገባ፤ ሚያዝያ ላይ ወጣ።

ክሊቭላንድ አበላሸው የሚለው ክርክር ምን ያህል ያስኬዳል? ትንሽ። ቡድኑ ደካማ ነበር፣ በሁለት ዓመት ሁለት የማጥቃት አሰልጣኝ ቀያየረበት፣ ለወጣት ኳርተርባክ ጥሩ ቤት አልነበረም። ከዚህ በላይ ግን አይሄድም። ቤከር ሜይፊልድን ይመልከቱ። እሱም ከቴክሳስ፣ እሱም አጭር፣ እሱም አፉ የማያርፍ፣ እሱም ሃይዝማን ያሸነፈ፣ እሱም በ2018 ወደዚያው ክሊቭላንድ የሄደ። በ2021 ጥር ፒትስበርግን በሜዳው አሸንፎ ለክሊቭላንድ ለብዙ ዓመት ያላየውን የፕሌይኦፍ ድል አመጣ። በኋላ እነሱም ጣሉት። ታምፓ ሄዶ እንደገና ተነሳ፤ በ2024 41 ተችዳውን ወረወረ። ያኔ ከሚቀበሉት አንዱ ማን ነበር? ማይክ ኢቫንስ። የወንድምዎን ልጅ ይህን ይጠይቁት፤ መልስ ካለው ለእኔም ይላክልኝ።

አሁን እርስዎ «ባከነ» የሚሉት ነገር እውነት የሚሆንበትን ቦታ ላሳይዎት። እኔ የማየው ወደ አንድ ሳምንት ጠቦ ነው። ኅዳር 15 ቀን 2015 ፒትስበርግ ላይ 372 ያርድ ወረወረ። ቡድኑ ተሸነፈ፣ ልጁ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ የሚያይ ኳርተርባክ መሰለ። ከሁለት ቀን በኋላ አሰልጣኙ ማይክ ፔቲን የዓመቱን ቀሪ ጨዋታ ቋሚ አንተ ነህ አለው። ሁለት ዓመት የተጠበቀው ነገር መጣ ማለት ነው። ቡድኑ በዚያ ሳምንት ዕረፍት ነበረው። ማንዜል ሲጨፍር የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። በማግሥቱ ሳምንት ሦስተኛ ተጠባባቂ ሆነ። በኋላ እንደገና ገባ፣ ሳን ፍራንሲስኮን አሸነፈ፣ ግን ያ እምነት አልተመለሰም። ታኅሣሥ 27 በካንሳስ ሲቲ የመጨረሻ የኤንኤፍኤል ጨዋታውን ተጫወተ። በ2016 መጋቢት ተሰናበተ። ጠቅላላ ስምንት ጊዜ ቋሚ ሆኖ ሁለት አሸነፈ፤ ሰባት ተችዳውን፣ ሰባት የተነጠቀ ኳስ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። በ2018 ካናዳ ሄደ። ለሞንትሪያል በመጀመሪያ ጨዋታው አራት ኳስ ተነጥቆ 50 ለ11 ተሸነፉ። በ2019 የካናዳው ሊግ ራሱ ዘጋበት። በአሜሪካ አዲስ በተቋቋመ ሊግ ሜምፊስ ውስጥ ሁለት ጨዋታ ተጫወተ፤ ሊጉ ራሱ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። «በመጠጥና በጭፈራ በተነው» ሲሉ ይጠንቀቁ። ማንዜል በ2018 ባይፖላር የሚባለው ሕመም እንዳለበት መታወቁን ለሕዝብ ተናግሯል። በኋላም ራሱን ለማጥፋት እስከመሞከር ደርሶ እንደነበር ገልጿል። ሐኪም አይደለሁም። ስንፍናው የቱ፣ ሕመሙ የቱ እንደሆነ በቪዲዮ ተንትኜ ልነግርዎት አልችልም፤ ማንም አይችልም። ቪዲዮ አላየም ማለት እችላለሁ፤ ለምን አላየም የሚለው ከእኔ ሙያ ውጭ ነው። በተቃራኒው የወንድምዎ ልጅ ደግሞ ሕመሙን ለሁሉም ነገር መሸፈኛ እንዳያደርገው። በ2016 የቀድሞ ፍቅረኛውን በመደብደብ ተከሶ ነበር፤ የተባለውን ቅድመ ሁኔታ አሟልቶ በ2017 ክሱ ተዘጋ። ያ የፉትቦል ጉዳይ አይደለም። የሱን ታሪክ ሲያወሩ «የጆኒ ወሬ» ብሎ ስቆ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸውና። በኮሌጅ ታላቅ ነው፤ ቅንፍም «ግን»ም አያስፈልገውም። ሁለት ዓመት ብቻ በመጫወቱ ከሁሉ በላይ ነው አልልም፤ ያቺን የ2012 ዓመት ግን ከየትኛውም የኮሌጅ ኳርተርባክ ምርጥ ዓመት ጎን አስቀምጣታለሁ። በኤንኤፍኤል ያጣነው ሌላ ቶም ብሬዲ አይደለም። ያጣነው ምናልባት ለአሥር ዓመት የሚጫወት፣ አንዳንዴ የሚያስደንቅ፣ አንዳንዴ የሚያስቆጣ መካከለኛ ኳርተርባክ ነው። ደጋፊ ሁሉ የሚያለቅሰው ግን በሐሳቡ ለሰራው ሰው ነው። ያ ሰው አልነበረም። የወንድምዎ ልጅ ያንን ሰው ክሊቭላንድ ገደለው ይላል፤ እርስዎ ራሱ ገደለው ይላሉ። የተጣላችሁት በሌለ ሰው ነው።

ወደ ትንሹ ልጅ ልምጣ፤ በእውነቱ ከጥያቄዎ ውስጥ አጣዳፊው ይህ ነው።

አይከልክሉት። የ15 ዓመት ልጅ የሚወደውን ቪዲዮ ከተከለከለ በድብቅ ያየዋል፤ ያኔ ደግሞ አብረውት አይደሉም። ሩጫውንም አይንኩበት። ዛሬ ኤንኤፍኤል እግር ያለውን ኳርተርባክ ይፈልጋል፤ በ2012 እንደ ጉድለት የታየው ዛሬ ዋጋ አለው። የሚቀየረው የሚያይበት መንገድ ነው። አሁን የሚያየው ተቆርጦ የተቀጣጠለ የሩጫ ስብስብ ነው። በዚያ ውስጥ ማንዜል ሁልጊዜ ያመልጣል፤ የተያዘባቸው አልተቀጠሉም። ሙሉ ጨዋታ ይየው። የዱኩን አሳዩት፣ ከዚያ የሲንሲናቲውን። ሁለቱን በተከታታይ ካየ ብዙ ማስተማር አያስፈልግዎትም።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይበቃል። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ቪዲዮውን ያቁም። ሴፍቲዎቹን ይቁጠር። ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ይናገር። ከዚያ ይልቀቀውና ይፈትሽ። በመጀመሪያው ወር አብዛኛውን ይስታል፤ አይናደድ። ለአሰልጣኙም አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ በየጨዋታው ልጁ ከመሮጡ በፊት ስንት ተቀባይ እንዲያይ ነው የሚፈልገው? አንድ ካሉ፣ ሁለት እንዲሆን ይለምኑ። ሁለቱን አይቶ የሮጠ ልጅ ይሩጥ፣ ማንም አይናገረው። አንዱንም ሳያይ የሮጠ፣ 60 ያርድ ሮጦ ተችዳውን ቢያገባም ይቀመጥ። ይህን የሚያደርግ አሰልጣኝ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከሌላችሁ ቤት ውስጥ እርስዎ ይሁኑ። ሲሮጥም ሰው ሲመጣበት በጎኑ ተንሸራቶ መውደቅ ይማር። ማንዜል ይህን ይጠላ ነበር፤ ጭንቅላት ግን አንድ ነው።

ልጁ ኮሌጅ ይጠራል አይጠራም የሚለውን ከደብዳቤ መናገር አይቻልም፤ ቪዲዮው ቢላክልኝም በ15 ዓመት ልጅ ላይ ትንቢት አልናገርም።

በሚቀጥለው ስትገናኙ ሦስታችሁም ሶፋ ላይ ተቀመጡና የ2013ቱን የአላባማ ጨዋታ ክፈቱ። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት አቁሙት። ማን ቀድሞ ሴፍቲዎቹን እንደሚቆጥር እዩ። ትንሹ ከቀደማችሁ፣ እርስዎና ባለቀለበቱ ምሳ ትጋብዛላችሁ።